በትንሿ ኤምጂቢ ላይ ቪ8 ሞተር እንዴት ይገጠማል?

ኤምጂቢ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 እንግሊዝ አገር የተሠራች ትንሽ የስፖርት መኪና ናት። የራሷ ሞተር 1.8 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። ብዙዎች በ3.5 ሊትሩ የሮቨር ቪ8 (ስምንት ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ በV ቅርጽ የቆሙ ሞተር) ይቀይሩታል። ሞተሩ ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ስለሆነ ከድሮው የብረት ሞተር አይከብድም፤ መኪናዋ ወደ ፊት አትጫንም። ፋብሪካው ራሱ ከ1973 እስከ 1976 ድረስ በዚህ ሞተር 2,591 ጣሪያ ያላቸው ኤምጂቢዎችን አምርቷል። ስለዚህ መንገዱ የታወቀ ነው።

ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት መኪናዋን ከሥር እዩ። ይህች መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ጥንካሬዋ ከበሮቹ ሥር ባለው ላሜራ ላይ ነው። እሱ ከዛገ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አስበይዱ። እየገዛችሁ ከሆነ ከ1974 መጨረሻ ወዲህ የተሠሩትን፣ ጥቁር ባምፐር ያላቸውን ምረጡ። መልካቸውን የማይወድ ብዙ ነው፤ የሞተሩ ቦታ ግን ለቪ8 ይመቻል።

የድሮውን ሞተርና ካምቢዮ አውጡ፤ ቦታውን እጠቡ።

ዋናው ሥራ አሁን ይጀምራል። ቪ8 በሁለት በኩል ጭስ ያወጣል፤ በሹፌሩ በኩል ደግሞ የመሪው ዘንግ ያልፋል። ሁለቱ የሚፎካከሩት ለአንድ ጠባብ ቦታ ነው። ስለዚህ ሙሉውን ሞተር አታስገቡ። ባዶውን ብሎክ ከነቴስታታው፣ ከነጭስ ማውጫ ቱቦውና ከነካምቢዮው አስገቡና በእንጨት ደግፉት። መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ አዙሩ። በዘንጉና በቱቦው መካከል ጣታችሁ በደንብ ማለፍ አለበት። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ በጎማ መቀመጫው ላይ ይወዛወዛል፤ ቆሞ ሳለ ለጥቂት ያልነካው ቱቦ መንገድ ላይ ዘንጉን ይመታል። ቱቦውን በመዶሻ ጠፍጥፎ ማሳለፍን በፍጹም አልመክርም። ጠባብ የሆነ ቱቦ ግዙ፤ አለዚያ ቱቦውን በጎማው በኩል አውጡት።

ከዚያ የካርቡራተሩን ከፍታ ለኩ። ላዩ ላይ ሊጥ አስቀምጡና ኮፈኑን ቀስ ብላችሁ ዝጉ። ሊጡ ከተጠፈጠፈ ከፍታው በዝቷል ማለት ነው። ፋብሪካው ካርቡራተሮቹን ወደ ሞተሩ ኋላ የወሰደው ኮፈኑን ላለመቅደድ ነው፤ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው። ሁሉም ሲስማማ የሞተር መቀመጫዎቹን መጀመሪያ በነጥብ ብቻ በይዱ፤ እንደገና ለክታችሁ ጨርሱት።

ዲፈረንሻሉንም ቀይሩ። የድሮው የጥርስ ጥምርታ፣ 3.9፣ ለቪ8 አይሆንም፤ ሞተሩ በከንቱ ይጮኻል። ፋብሪካው የገጠመው 3.07 ነበር። ትልቅ ራዲያተርና የኤሌክትሪክ ፋንም ያስፈልጋል።

ፍሬኑን ሳታጠነክሩ ከጋራዥ አትውጡ። ወፍራም ዲስክና ጥሩ ሸራ ግጠሙ። መጀመሪያ ቅርብ ቦታ ነድታችሁ ተመለሱ፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የመቀመጫዎቹንና የጭስ ማውጫውን ቡሎኖች ሁሉ ደግማችሁ አጥብቁ። የመሪው ዘንግ ላይ የመፋተግ ምልክት ካለም ያኔ ፈልጉ።