የተመሳሳይ ፆታ ባለትዳሮች በአውሮፓ ህብረት የመኖሪያ ካርድ እንዴት ያወጣሉ?

አንዳችሁ የአውሮፓ ህብረት ዜጋ ናችሁ፣ ሌላችሁ የኢትዮጵያ ወይም የአሜሪካ ፓስፖርት ነው የያዛችሁት እንበል። የተጋባችሁት ቤልጂየም ነው፣ ሥራ የተገኘው ግን ሩማንያ። ሩማንያ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ አታስርም። እንደዚያም ሆኖ አብራችሁ የመኖር መብት አላችሁ።

አድሪያን ኮማን የሚባል ሩማንያዊ፣ አሜሪካዊ የሆነ ባለቤቱን ብራስልስ ውስጥ በ2010 (እ.ኤ.አ.) አገባ፣ አገሩ ግን ለባለቤቱ መኖሪያ አልሰጥም አለች። የህብረቱ ፍርድ ቤት በ2018 ወሰነ፦ ለመኖሪያ መብት ሲባል የተመሳሳይ ፆታ ባለትዳርም የትዳር ጓደኛ ነው። ወደ ራሳችሁ አገር የምትመለሱ ከሆነ ግን መጀመሪያ በሌላ የህብረቱ አገር አብራችሁ በትክክል ኖራችሁ መሆን አለበት፤ ለሽርሽር የሄዳችሁበት አይቆጠርም።

ወረቀቱን ከመነሻው አዘጋጁ። ከህብረቱ አገር የወጣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት በሌላው የህብረቱ አገር አፖስቲል (ሰነዱ ትክክለኛ መሆኑን ለውጭ አገር የሚያረጋግጥ ማህተም) አያስፈልገውም። ስታወጡት ባለብዙ ቋንቋውን ተጨማሪ ቅጽ አብራችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የትርጉም ወጪ ያድናችኋል። ቪዛ የሚያስፈልገው ባለቤት የሚያመለክተው እንደ ዜጋው ቤተሰብ ነው፤ ይህ ቪዛ ነፃ ነው፣ ቶሎም ማለቅ አለበት።

ከሦስት ወር በላይ ለመቆየት ዜጋው ሠራተኛ፣ የራሱ ሥራ ያለው ወይም ተማሪ መሆን አለበት፣ ካልሆነም በቂ ገንዘብ ሊኖረው ይገባል። ተማሪውና በራሱ ገንዘብ የሚኖረው የጤና መድን ይጨመርባቸዋል። ከዚያ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ወረቀትና ዜጋው በዚያ አገር ለመኖር የተመዘገበበትን ወረቀት ይዛችሁ ኢሚግሬሽን ሂዱ።

እዚህ ጋ ጠንከር በሉ። “መጀመሪያ ጋብቻችሁን እዚህ አስመዝግቡ” ብለው ወደ ሌላ ቢሮ ሊልኳችሁ ይችላሉ። እናንተ የምትጠይቁት የመኖሪያ ካርድ ነው፤ የጋብቻ ምዝገባ ሌላ ጉዳይ ነው። ማመልከቻ ማስገባታችሁን የሚያሳይ ወረቀት ወዲያው ሊሰጧችሁ ይገባል፣ ሳትቀበሉ አትውጡ። ካርዱ በስድስት ወር ውስጥ መውጣት አለበት።

“አይቻልም” ካሏችሁ በቃል አትቀበሉ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡን በሉ። የጽሑፍ መልስ ይግባኝ ለማለት ይጠቅማችኋል፣ ቀነ ገደብ ስላለው ግን ጠበቃ ለማማከር አትዘግዩ። ሶልቪት የሚባለው የህብረቱ አገልግሎትም እንዲህ ዓይነት አቤቱታ በነፃ ያያል፣ ነገር ግን ለእሱ ማመልከት የይግባኙን ጊዜ አያቆምም፤ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይም አያይም፣ ስለዚህ የይግባኙ ቀን ሳያልፍ ቀድማችሁ አመልክቱ።