ፋይል ቢጠፋም የማያንስ የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ

ጎንደር፣ ፒያሳ ባለው ቢሯችን የሰርቨሩ ዲስክ እየሞላ ቨርቹዋል ማሽኑ (በሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራው ኮምፒውተር) ቀጥ ይል ነበር። በማሽኑ ውስጥ የተያዘው 22 ጊጋባይት፣ ዲስኩ ሆኖ ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠው የኪውካው2 (qcow2) ፋይል ግን 96።

ከውስጥ ፋይል አጠፋሁ፤ ምንም አልቀነሰም። በፋይሉ ቅጂ ላይ የዲስክ መጠን መቀየሪያውን ትዕዛዝ «ኬሙ-አይኤምጂ ሪሳይዝ»ን (qemu-img resize) ከነማሳነሻው «ሽሪንክ» ሞከርኩ፤ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍል) ቀድሜ ስላላሳነስኩ ዳታ ቆረጠ። ሦስት ቀን ሄደ።

የሠራልኝ ይኸው፦ ፋይሉን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጬ ማሽኑን ከዚያ አስነሳሁ፤ ዜሮ ሲሞላ ፋይሉ እስከ ሙሉ መጠኑ ያብጣልና ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል። በማሽኑ ውስጥ ባዶውን ቦታ «ዲዲ» (dd) በተባለው ትዕዛዝ ዜሮ ሞላሁ፣ የዜሮውን ፋይል አጥፍቼ ማሽኑን ዘጋሁ። ከዚያ በ«ኬሙ-አይኤምጂ ኮንቨርት» ወደ አዲስ ኪውካው2 ፋይል መገልበጥ ጀመርኩ፤ ዜሮውን ስለሚዘል አዲሱ ፋይል ያንሳል። መሀል ላይ መብራት ሄደ፤ ኮንቨርት ከአሮጌው ያነባል እንጂ አይጽፍበትምና እንደገና ጀመርኩ። በፋይሉ ውስጥ ስናፕሾት (የማሽኑ የቀድሞ ሁኔታ መመለሻ) ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ወደ አዲሱ አይሻገርም።

አዲሱን በ«ኬሙ-አይኤምጂ ቼክ» አየሁት፤ ስህተት የለም፣ 23 ጊጋባይት።