ብስክሌትና ካሜራ ይዛችሁ ስትወጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሙያዬ ምህንድስና ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ከዋልኩ በኋላ የሚያሳርፈኝ ትንሽ ካሜራ ይዤ ብስክሌት መንዳት ነው። ለፎቶ ከብስክሌት የተሻለ መጓጓዣ አላውቅም። በመኪና ብዙ ነገር ያመልጣል፤ በእግር ደግሞ ሩቅ አይኬድም። ይህን ደስታ በገዛ እጃችን የምናበላሽባቸው ስህተቶች ግን አሉ። አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ከሁሉ የሚብሰው ሰዓትን ማጣበብ ነው። መሐንዲስ ቁጥር ይወዳል። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 20፣ ስለዚህ 3 ሰዓት ይበቃል ብለን እንነሳለን። ስሌቱ ልክ ነው፤ መቆም ግን አልተቆጠረበትም። 12 ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ ብትቆሙ አንድ ሰዓት ሙሉ ሄደ ማለት ነው። ሰዓቱ ማሳደድ ሲጀምር ደግሞ «ስመለስ አነሳዋለሁ» ማለት ይመጣል።

አንድ ጠዋት ጉም ሜዳውን ሞልቶት፣ አንድ ነጭ ፈረስ እስከ ጉልበቱ ጉሙ ውስጥ ቆሞ አየሁ። ፀሐይዋ ከጀርባው እየወጣች ነበር። የፍጥነት መለኪያዬን አየሁና ሳልቆም አለፍኩ። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ፈረሱ እዚያው ነበር። ጉሙ የለም፣ ጥላ የለም፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ርቀቱን በግማሽ ቀንሼ ነው የማቅደው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሰዓትና ከመጥለቋ በፊት ያለውን የመጨረሻ ሰዓት ለካሜራ እተዋለሁ። ፔዳሉን የምመታው በመሃል ነው።

ሁለተኛው ጎማን እንደ ድንጋይ ማጠንከር ነው። «ጎማ በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል» የሚለውን ብዙ ሰው ያምነዋል። ለስላሳ አስፋልት ላይ እውነትነት አለው። ሸካራ መንገድ ላይ ግን የደነደነ ጎማ ይነጥራል፤ ጉልበታችሁ ወደፊት መሄዱን ትቶ እናንተን ማንቀጥቀጥ ይጀምራል። እጅ ይደነዝዛል፣ ካሜራውም አብሮ ይናጣል። የሚፈቀደው የአየር መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ከመሃሉ ጀምሩና እየቀነሳችሁ ሞክሩት። የኋላው ብዙውን ክብደት ስለሚሸከም ከፊተኛው ትንሽ ይጨመርለታል። ከልክ በላይ ማጉደልም ጣጣ አለው። ድንጋይ ላይ ስትወጡ ከመነዳሪው በቸርኬው ጠርዝና በድንጋዩ መካከል ይቆነጠጣል። አውጥታችሁ ስታዩት እባብ የነደፈው ይመስል ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ታገኛላችሁ።

የኮርቻ ከፍታን ችላ ማለትም አለ። ጉልበታችሁን ከፊት በኩል ካመማችሁ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ይሆናል። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ፔዳሉን እስከ ታች አውርዱት። እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። በትክክለኛው አቀማመጥ፣ ማለትም የእግራችሁን የፊት ክፍል ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ስትነዱ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይላል። በቃ፣ መነሻው ይኸው ነው።

ሰንሰለት ላይ ግን ቆም ልበል፤ እዚህ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ስህተቱ አቧራ የለበሰ ሰንሰለት ላይ ዘይት ማፍሰስ ነው። አቧራና ዘይት ሲለወሱ ብረት የሚሞርድ ጭቃ ይሆናሉ። መጀመሪያ በጨርቅ አጥሩት። ከዚያ በየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ፤ ፔዳሉን ወደኋላ አሽከርክሩ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ላዩን መልሳችሁ ጥረጉ። ዘይቱ የሚያስፈልገው ውስጡን እንጂ ላዩን አይደለም። ሰንሰለት «ረዘመ» ይባላል እንጂ ብረቱ አልተለጠጠም፤ ውስጡ ያሉት ትናንሽ ፒኖች ናቸው የተበሉት። በማስመሪያ መለካት ይቻላል። የአዲስ ሰንሰለት 24 ዓይን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ከጨመረ ቀይሩት። ከዘገያችሁ ከሱ እጅግ የሚወደዱትን የማርሽ ጥርሶች ይዞ ይሄዳል።

ስልክን ያለ ንዝረት መከላከያ መሪው ላይ ማሰር ሌላው ነው። አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. የትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ምክንያቱ ምስሉን የሚያረጋጋው ክፍል ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሌንስ መኖሩ ነው። ብስክሌት ሞተር የለውም፤ ቢሆንም ኮረኮንች ላይ ስልኬን ኪሴ አስገባዋለሁ። ካሜራውንም ሰውነቴ ላይ አጥብቄ አስረዋለሁ። ቦርሳ ታች ከተቀበረ ደግሞ ለማውጣት ስለሚሰለች ሳያነሱ መመለስ ይመጣል።

ፎቶው ሲደበዝዝ «ካሜራዬ አሮጌ ስለሆነ ነው» ማለትም የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሹተር ፍጥነቱ ነው፤ ካሜራው ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ማለት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ጓደኛችሁ በ1/60 ሰከንድ ውስጥ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። በ1/1000 ግን 8 ሚሊ ሜትር ብቻ። ሰውየው ጥርት እንዲል ከፈለጋችሁ ወደ 1/1000 ውጡ። ፍጥነቱ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ደግሞ ወደ 1/30 ውረዱና ካሜራውን ከሱ ጋር እኩል እያዞራችሁ አንሱ። አሥር አንስታችሁ አንዱ ይሳካል፤ ያ አንዱ ግን ልፋቱን ያስረሳል።

በአውሮፕላን የምትጓዙ ከሆነ ፓወር ባንክ ለካርጎ በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ። በእጅ ነው የሚያዘው፤ የተለመደው ጣሪያም 100 ዋት ሰዓት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል፣ ያልፋል። ብርድ አገር ከሄዳችሁ ትርፉን የካሜራ ባትሪ ከጃኬት ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት። ሲቀዘቅዝ ቶሎ ይደክማል።

የመጨረሻው ስህተት ቤት ከተገባ በኋላ የሚሠራ ነው፤ ደክሟችሁ እያለ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ማጥፋት። እኔ ፎቶዎቹን ሁለት ቦታ ገልብጬ፣ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ከፍቼ ሳላይ ካርዱን አልነካም። ብዙ ጊዜ የማጠፋው በማግስቱ ጠዋት፣ ሰንሰለቱን ከጠረግኩ በኋላ ነው።