ትልቅ ሰው ሆናችሁ ትራንስ መሆናችሁ ከገባችሁ ከየት ትጀምራላችሁ

እዚህ ጽሁፍ ላይ «እናንተ» እያልኩ ነው የማወራው። አማርኛ ላይ አንድን ሰው «ና» ወይ «ነይ» ሳይሉ ማናገር ከባድ ነው፣ ይሄን የምታነቡት ደግሞ የትኛው እንደሚያሳርፋችሁ ገና እየፈለጋችሁ ያላችሁ ሰዎች ስለሆናችሁ በአንዱም ላስጨንቃችሁ አልፈልግም። እኔ የገባኝ በ35 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ሴት ልጅ ተብዬ አድጌ፣ በዲቪ አሜሪካ ገብቼ፣ ሜሪላንድ ስንት ዓመት ሰርቼ፣ አግብቼ ፈትቼ ማለት ነው። አሁን ወንድ ሆኜ ነው የምኖረው። ሴት መሆናችሁ ለገባችሁ እህቶቼም አብዛኛው ይሰራል፣ የሆርሞኑ ነገር ብቻ ይለያል።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። ትራንስ ማለት ስትወለዱ «ወንድ ነው» «ሴት ናት» የተባለላችሁና እናንተ ውስጣችሁ የምታውቁት ሳይገጥም ሲቀር ነው። ፍናፍንት ከሚባለው ጋር አንድ አይደለም፣ እሱ አብሮ የሚወለድ የአካል ሁኔታ ነው። ማንን ነው የምትወዱት የሚለውም ሌላ ጥያቄ ነው። ሌሊት ሌሊት «አእምሮዬን አሞኝ ይሆን» ብላችሁ ጎግል የምታደርጉ ካላችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ባጸደቀውና ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሚሰራበት የበሽታዎች ምደባ ላይ ይሄን ነገር ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። እኔ ያንን ያነበብኩ ቀን ስልኬን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ብዙ አለቀስኩ።

«እርግጠኛ ነኝ ወይ» ለሚለው እኔን የረዳኝ ደብተር ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ አማርኛ ላይ «እኔ» ጾታ የለውም፣ ሄድኩ፣ በላሁ፣ ደከመኝ የሚል ሰው ወንድ ይሁን ሴት ከንግግሩ አይታወቅም። ስለዚህ መጀመሪያ በ«እኔ» ጻፉ፣ ቀናችሁን፣ የተሰማችሁን፣ ሳታሳምሩ። ከዛ ለራሳችሁ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፣ ያው አንድ ደብዳቤ ሁለቴ፣ አንዴ «ዛሬ ደክሞሻል፣ እራትሽን ብዪና ተኚ»፣ አንዴ «ዛሬ ደክሞሃል፣ እራትህን ብላና ተኛ»። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። አንድ ቀን ሞክራችሁ አትፍረዱ፣ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ማታ ማታ አድርጉትና ሰውነታችሁ ምን እንደሚል ስሙ። እኔ የ«አንቺ»ውን ሳነብ የሌላ ሰው ደብዳቤ የከፈትኩ ይመስለኝ ነበር፣ የ«አንተ»ውን ሳነብ ግን ትከሻዬ ወረደልኝ፣ አያቴም ትዝ አለችኝ። እኛ ጋ ሴቷን ልጅ በወንድ ማቆላመጥ አለ አይደል፣ አያቴም ደስ ሲላት «ና የኔ አንበሳ፣ ና ጉረስ» ትለኝ ነበር፣ እሷ ለፍቅር ነው፣ እኔ ግን ያቺን «ና» ስሰማ ከግቢው ጫፍ እየበረርኩ ነበር የምመጣው። 30 ዓመት ሙሉ ያንን ሩጫ ረስቼው ነበር።

«እውነት ቢሆን ኖሮ በልጅነቴ አውቀው ነበር» እያላችሁ ራሳችሁን አትክሰሱ። እኛ ሰፈር የነበረው ቃል «ወንዳወንድ» ብቻ ነው፣ ወንዳወንድ ደግሞ ስታድግ ትተወዋለች ይባላል፣ እኔም ቀሚስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሰርቼ፣ የተውኩት መሰለኝ። መኖሩን ሰምታችሁት የማታውቁትን ነገር ነኝ ልትሉ አትችሉም። ስታውቁት ደግሞ ደስታ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ስላለፉት ዓመታት ሀዘን አለው፣ ለኔ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፣ የሰርጌን ፎቶ አይቼ ያቺን ልጅ እንዴት እንዳሳዘነችኝ። አልቅሱላት፣ ፎቶውን ግን አትቅደዱ፣ በሁለተኛው ዓመት ላይ ልትፈልጉት ትችላላችሁ።

እምነት ያላችሁም አላችሁ። እኔ በ80 ቀኔ ክርስትና ተነስቼ «ወለተ» የሚል ስም የተሰጠኝ ሰው ነኝ፣ ቤተክርስቲያን ስገባ በሴቶቹ በኩል መቆሙ ራሱ ያመኝ ነበር። ጸበልም ገብቻለሁ፣ ሰባት ቀን። ሰላም አግኝቼበታለሁ፣ ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ተመለሰ። ጸሎታችሁን አትተዉት፣ የናንተ ነው። ለንስሐ አባት፣ ለኡስታዝ ወይ ለፓስተር ለመናገር ግን አትቸኩሉ፣ እናንተ ራሳችሁ ገና ሳትረጋጉ የሌላ ሰው ፍርድ ከተቀበላችሁ የማን ሀሳብ የማን እንደሆነ ይጠፋባችኋል።

አሁን ደህንነት። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚያወራው ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ነው፣ ግን ሰፈር ውስጥም ጣቢያ ውስጥም ማንም ልዩነቱን ቁጭ ብሎ አያስረዳላችሁም። በፈረንጆቹ 2023 ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶና ስም እየተለጠፈ ሰው ሲጠቃ አይተናል። ስለዚህ ፎቶ አትላኩ፣ ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ደብቁ፣ ያ ደብተር ሰው የሚያገኘው ቦታ ካለ ቀዳችሁ ጣሉት። አረብ ሀገር አሰሪ ቤት ያላችሁ ደግሞ ስልካችሁ ሊታይ ይችላል ብላችሁ አስቡ፣ በጭንቅላታችሁ ያዙት እንጂ አትጻፉት፣ መጠበቅ ራስን መካድ አይደለም።

መንገር ስትፈልጉ ለአንድ ሰው ብቻ ጀምሩ። የምትወዱት ሳይሆን ሚስጥር የሚይዘው ይሁን፣ እና በገንዘብም በቤትም እሱ ላይ ያልተንጠለጠላችሁ ቢሆን ይሻላል። በበዓል አትንገሩ፣ ሰው ተሰብስቦ ቡና እየተፈላም አትንገሩ። እኔ ለታናሽ እህቴ መኪና ውስጥ ነው የነገርኳት፣ «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ ዛሬ መልስ አልፈልግም፣ ለእማዬ ደግሞ እኔ እስክነግራት እንዳትነግሪያት» ብዬ። «መልስ አልፈልግም» የሚለው ዋጋ አለው፣ ሰው ሲደነግጥ የሚናገረውን ነው በኋላ ይቅርታ የሚጠይቀው። ዝም አለች፣ ከዛ «እራት በልተሻል?» አለችኝ፣ ለዛን ቀን በቂ ነበር።

ሰውነትን በተመለከተ፣ ሁሉም ሰው ሆርሞን ወይ ኦፕራሲዮን አይፈልግም፣ ባትፈልጉም ትራንስ ናችሁ። ደረታችሁ ጠፍጣፋ እንዲመስል ከፈለጋችሁ ባይንደር የሚባለውን ደረት የሚያጠብቅ ልብስ በልካችሁ ግዙ፣ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አትልበሱት፣ አትተኙበት። በፋሻ ወይም በፕላስተር ማሰር በፍፁም፣ የጎድን አጥንት ይጎዳል። ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ከጂም ልጆች ወይ ከኦንላይን ገዝታችሁ አትወጉ። ድምፅ አንዴ ከወፈረ መድኃኒቱን ብታቆሙም አይመለስም፣ የወር አበባ ብዙዎች ላይ በ6 ወር ውስጥ ይቆማል፣ እርግዝናን ግን አይከላከልም፣ ደማችሁም በየጊዜው መታየት አለበት። አሜሪካ ብዙ ክሊኒክ ላይ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ጥቅሙንና ጉዳቱን ተረድቶ ፈርሞ መጀመር ይችላል፣ ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ዊትማን ዎከር የሚባለውን ክሊኒክ ጠይቁ።

እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሆነ የስልክ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በአካል የሚመጣው የሰፈራችሁ ሰው ሊሆን ይችላል። እና ቀድማችሁ «ትራንስ የሚለውን ቃል እንዳለ ተጠቀሙበት» በሉት። እኔ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚው ትንሽ ዝም ብሎ «ፍናፍንት ነሽ ወይ ነው የሚሉሽ» አለኝ፣ ዶክተሯ ያላለችውን፣ እኔም ደንግጬ አይደለሁም ብዬ ወጣሁ፣ አምስት ወር አለፈ ተመልሼ እስክሄድ። አስተርጓሚ ቀይሩልኝ ማለት ትችላላችሁ። ጥገኝነት የምትጠይቁም ካላችሁ አሜሪካ የ1 ዓመት ገደብ ስላለው ወደ ጠበቃ ነው የሚኬደው፣ ፎርም ለሚሞላ የሰፈር ሰው አትስጡት።

ስም ላይ አትጣደፉ። እንደ ደስታ ያለ ለሁለቱም የሚሆን ስም አለን፣ ካፌ ውስጥ ቡና ስታዙ እየሰጣችሁ ሞክሩት፣ ሲጠሩት ቀና ካላችሁ ያዙት። የአባታችሁ ስም አብሯችሁ ይቀጥላል፣ እኔ እሱን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ሲከብዳችሁ አሜሪካ ላላችሁ ትራንስ ላይፍላይን የሚባል የስልክ እርዳታ መስመር አለ፣ 877-565-8860፣ ስልኩን የሚያነሱት ራሳቸው ትራንስ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ሌሊት ከሆነ ወይ ካልተነሳ ግን የጭንቅ ጊዜ መስመሩ 988 ላይ ደውሉ።

እህቴ አሁንም ትሳሳታለች፣ በተለይ ስትናደድ። ስትሳሳት ዝም ብዬ እጠብቃታለሁ፣ ራሷ ታርመዋለች፣ ይቅርታ እያለች ነገሩን እንድታገዝፈው አልፈልግም። ባለፈው ክረምት በረዶ ሲጥል ከስራ ስወጣ አንድ ሜሴጅ ላከችልኝ፣ «ደረስሽ» ጽፋ አጥፍታ፣ ከስሩ «ደረስክ?»።