የውሻዎ ቆዳ ወይም አፍንጫ ቀለሙን ሲቀይር እንዴት እንደሚመረምሩት

ጥቁር የነበረው አፍንጫ ሲገረጣ ወይም የሆድ ሥር ቆዳ ሲጠቁር ባለቤቱን የሚያስደነግጠው ቀለሙ ነው። ቀለም ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ቁም ነገሩ ያለው አብረውት በሚመጡት ለውጦች ላይ ነው፤ በቆዳው ገጽ፣ በማሳከኩ፣ በዓይኑና በድዱ። ምርመራውን ከአፍንጫው ሳይሆን ከድዱ የምናስጀምረውም ለዚህ ነው።

1. በመጀመሪያ ድዱን ይመልከቱ

በቀን ብርሃን የላይኛውን ከንፈር ቀስ ብለው ያንሡ። ጤነኛ ድድ እርጥብና ሮዝ ነው፤ በጣትዎ ተጭነው ሲለቁት የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። አንዳንድ ውሾች ድዳቸው በተፈጥሮው ጥቁር ነው። እንዲህ ከሆነ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርገው ውስጡን ይዩ።

የገረጣ ድድ የደም ማነስን ወይም የደም መፍሰስን፣ ወደ ሰማያዊ ያደላ ድድ የኦክስጅን እጥረትን ያመለክታል። ድዱና የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆኑ ጉበቱ ታሟል፣ የሐሞት መተላለፊያው ተዘግቷል ወይም ቀይ የደም ሕዋሳቱ እየፈራረሱ ነው። መዥገር የሚያስተላልፈው ባቤሲያ የተባለ የደም ጥገኛ ተሕዋስ ከዚህ የመጨረሻው ችግር መንስኤዎች አንዱ ነው። በሆዱ ወይም በድዱ ላይ ሲጫኗቸው የማይጠፉ ቀያይ ነጠብጣቦች ካሉም ደም ከቆዳው ሥር እየፈሰሰ ነው። ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካዩ ቀሪውን ምርመራ ትተው ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

2. ዕድሜውን፣ ዝርያውንና ወቅቱን ያስቡ

ብዙ ቡችሎች ሮዝ አፍንጫ ይዘው ተወልደው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ያጠቁራሉ። በዘር ቡናማ የሆነ ውሻ ደግሞ አፍንጫውም ቡናማ ነው፤ ጥቁር ይሆናል ብለው አይጠብቁ።

ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨርና ሳይቤሪያን ሃስኪ በብርድ ወራት የአፍንጫቸው መሐል ፈዝዞ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ይሆንና ሙቀት ሲመጣ ይመለሳል። አንዳንዶቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ሕመም የለውም፣ ሕክምናም አያስፈልገውም። ቀለም ይመልሳል የተባለ ቅባት ለዚህ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

3. የአፍንጫውን ገጽ በጣትዎ ይዳስሱ

ከሁሉም ደረጃዎች አብልጬ የማምነው ይህንን ነው። የውሻ አፍንጫ በጥቃቅን ጉብታዎች የተሸፈነ ሻካራ ገጽ አለው። ቀለሙ ጠፍቶ ጉብታዎቹ እንዳሉ ከቆዩ፣ ቅርፊትም ቁስልም ከሌለ፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው። በሰው ላይ ለምጽ የሚባለው የቀለም መጥፋት በውሾችም ይከሰታል፤ ሮትዋይለርና ዶበርማን ላይ ይታያል። በአፍንጫ፣ በከንፈርና በዓይን ዙሪያ ነጫጭ ቦታዎች ይወጣሉ፤ ውሻው ግን አያመውም።

ጉብታዎቹ ጠፍተው ገጹ ከለሰለሰ፣ መጀመሪያ ወደ ግራጫ ኋላም ወደ ሮዝ ከተለወጠ፣ ከዚያም ከተላጠና ከደማ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የዚህ ዓይነተኛው ምክንያት ዲስኮይድ ሉፐስ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆዳ ያጠቃል፤ ፀሐይም ያባብሰዋል። ውሻውን ከቀትር ፀሐይ ያርቁት። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት የሰው የፀሐይ መከላከያ ክሬም ግን አይቀቡት፤ ስለሚልሰው ሊመረዝ ይችላል።

በዚህ ላይ ዓይኑን ይመልከቱ። አኪታ፣ ሳሞዬድና ሃስኪ ላይ የአፍንጫና የከንፈር መንጣት ከዓይን መቅላት ወይም መደፍረስ ጋር ከመጣ ውሻው ሊታወር ስለሚችል የሰዓታት ጉዳይ ነው።

4. የምግብ ዕቃውን ይለውጡ

ከንፈሩና የአፍንጫው ፊት ብቻ ከነጡ የፕላስቲክ ሳህን ሊጠረጠር ይችላል፤ በአንዳንድ ፕላስቲኮች ውስጥ ያለ ኬሚካል ለቆዳ ቀለም የሚሰጠውን የሜላኒን ምርት ሊያግድ ይችላል። በማይዝግ ብረት ዕቃ ይተኩትና ለጥቂት ወራት ይከታተሉ።

5. ለጠቆረ ቆዳ የቀደመውን ነገር ይፈልጉ

በብብትና በብሽሽት ቆዳው ጠቁሮ ከወፈረ መጥቆሩ ውጤት እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም። ለረጅም ጊዜ የተቆጣና የታከከ ቆዳ ይጠቁራል። ስለዚህ ቁንጫ፣ አለርጂ ወይም የእርሾ ኢንፌክሽን መኖሩን ይመርምሩ፤ እርሾ ካለ ቆዳው ቅባታምና መጥፎ ሽታ ያለው ይሆናል። ሳያሳክከው ፀጉሩ በሁለቱም ጎኖቹ እኩል እየረገፈ ከጠቆረ ሆርሞን ይጠረጠራል። ብዙ ሳይበላ የሚወፍርና ቅዝቃዜ የሚበዛበት ውሻ የታይሮይድ እጥረት ሊኖርበት ይችላል፤ ውሃ እያበዛ አዘውትሮ የሚሸና፣ ሆዱም የተነፋ ውሻ ደግሞ የኩሺንግ በሽታ (ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን የሚበዛበት)። ሁለቱም በሐኪም ምርመራ ይለያሉ። አዲስ የወጣ ጥቁር እብጠት ካለ ግን መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ይታይ፤ ሜላኖማ የተባለ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

6. ፎቶ ያንሡ

በየሳምንቱ በተመሳሳይ ብርሃንና ርቀት ያንሡት፤ ዓይን በየቀኑ የሚያየውን ለውጥ አይመዘግብም። ሐኪሙ ከቆዳው ናሙና መውሰድ ካስፈለገው ገና ግራጫ ከሆነው ቦታ ይመርጣል፤ ከቆሰለው ቦታ የተወሰደ ብዙ አይነግረውም። ስቴሮይድ ያለበት ቅባትም አስቀድመው አይቀቡት፤ የናሙናውን ውጤት ያዛባል።