ገለባውን ከእግሩ ወደ ራሱ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውርጯን የቀመሰ ያውቃታል። ግቢዬ መግቢያ ግራና ቀኝ 12 የወይራ ችግኝ ተክዬ ነበር። ኅዳር ላይ ጫፋቸው ጠቆረ። አንጀቴን በላኝ።

መጀመሪያ ውሃ ያነሳቸው መስሎኝ ነበር። ሥራቸው ላይ ገለባ ከመርኩ። ባሰባቸው። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ አይተው፣ «ልጄ፣ ገለባውን ከእግሩ አንሣና ራሱ ላይ አልብሰው» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ደመና በሌለበት ሌሊት፣ አፈሩ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቃል። ወፍራም ገለባ ይሄን ሙቀት ከታች ያፍነዋል፤ ችግኙ ብርድ ላይ ይቀራል። እናም ገለባውን ጠረግኩ። ረፋድ ላይ አጠጣሁ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። በየችግኙ ሦስት እንጨት ተክዬ ማታ ማታ ጆንያና ገለባ አለበስኩ። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ እገልጣለሁ።

የጠቆረውን ጫፍ ቶሎ አልቆረጥኩም። ውርጩ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። የካቲት ላይ 9ኙ አቆጠቆጡ።

አውሮፓ መንገድ ዳር የሚተከለው ሊንደን የተባለው ዛፍ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል። ወይራችን ግን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። ለጋ ሳለ ልብስ ይፈልጋል። ለሞቱት ሦስቱ ምትክ የምተክለው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ውርጩ ሳይመጣ ሥር ይያዙ።