ተቅማጥ የያዘውን ልጅ አተነፋፈስ እንዴት እንከታተል?

የደማችን ፒኤች (አሲድ ሲበዛ ዝቅ የሚል መለኪያ) ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ መቆየት አለበት። ከዚያ ዝቅ ሲል ሳንባ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽን አፍጥኖና አጥልቆ ደሙን አሲድ የሚያደርገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዝቶ ያስወጣል፤ ኩላሊት ግን አሲዱን በሽንት ለማስወገድና አሲድን የሚያመክነውን ባይካርቦኔት ለመተካት ሰዓታት፣ እንዲያም ሲል ቀናት ይፈልጋል። ተቅማጥ ከውሃው ጋር ባይካርቦኔትንም ስለሚያወጣ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዳር መንደሮች ልጅ የሚያስታምም ሰው ከሰገራው እኩል ትንፋሹን ሊከታተል ይገባል።

ልጁ ሳያለቅስ፣ ቢቻል ተኝቶ ሳለ፣ ልብሱን ገለጥ አድርገው የሆዱን ከፍ ዝቅ ማለት አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። የሕፃን ትንፋሽ ወጥ ስላልሆነ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው።

የሐይቁን ውሃ አፍልተው ካቀዘቀዙ በኋላ፣ የአንድ ሊትሩን የኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ፓኬት ሙሉውን በ1 ሊትር ይበጥብጡ። በውስጡ ያለው ሲትሬት በሰውነት ውስጥ ወደ ባይካርቦኔት ስለሚለወጥ የጎደለውን ይተካል፤ ስኳርና ጨው ብቻ ይህ የለውም። በማንኪያ ቀስ እያሉ ያጠጡ፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይተው ይቀጥሉ። ጡትም አይቋረጥ። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈውን ኦአርኤስ ይድፉት።

ትንፋሹ ፈጣንና ጥልቅ ከሆነ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።